የተማለበት ልጅ

ውድ ልጄ ደጀን፤

ከሁሉ አስቀድመህ ልትረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ልጅህ ድኗል። ቢጫነቱ ከዓይኑም ከቆዳውም ጠፍቷል። ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ እናቱን እንቅልፍ ይነሳል። ከዚህ ጋር አጥብቀህ የምትይዘው ሌላም አለ፤ የዳነው አንተ ስለሄድህ አይደለም። የመጀመሪያውን ብቻ ጽፌ ብተወው ምን ብለህ እንደምትደመድም አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ከትክክለኛ ቁጥር ተነሥቶ የተሳሳተ መልስ ላይ ሲደርስ ሳይ ኖሬአለሁ፤ አንተም ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠህ ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርገሃል።

ስልክህ ዝግ ነው። ያለህበትን የነገረኝ አብዱልመሊክ ነው። ከአፋር ጨው ጭኖ ሲመለስ መኪናውን ደጃፌ ላይ አቁሞ፣ ሳይወርድ በመስኮቱ ጮኸ።

«ጋሽ ገበየሁ! የክርስትና ልጅዎን ሚሌ ጋራዥ ውስጥ አየሁት። በስሙ ስጠራው ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ምነው፣ የሰው ሚስት ይዞ ነው እንዴ የጠፋው?»

«የራሱን ሚስት ትቶ ነው» አልሁት።

«ያማ ይብሳል!» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ መልሶ አጠፋው። «ከስቷል ጋሼ። እውነቴን ነው። ምግብ ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለኝ።»

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው። ምን እንደተጻፈበት አያውቅም፤ የታሸገ ነገር የሚከፍት ሰውም አይደለም። ይህን ያልሁህ ፊቱን እያየህ እንዳትሳቀቅ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የሄድህ ዕለት መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ቆመን የነገርኸኝን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ ያዛባሁት ካለ አርመኝ።

የመስኖው ውኃ ተራ የእናንተ ነበር። ሲነጋ ወደ እናትህ ማሳ የሚገባበትን የቦዩን አፍ በአፈር ደፍነህ ውኃውን ለፈይሩዝ መልቀቅ ነበረብህ። ፈይሩዝ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያችን ቁራሽ መሬት ብቻዋን የምትለፋባት ሴት ናት፤ የሽንኩርት ችግኟን ከመደብ አንሥታ የተከለችው በዋዜማው ነበር። አዲስ የተተከለ ሽንኩርት የወረዳችንን የሐብሩን ፀሐይ ያለ ውኃ እንደማይችለው ለአንተ አልነግርህም። ልትደፍን አካፋውን ስታነሣ ስልክህ ጮኸ፤ ሰላማዊትን ምጥ ይዟታል። አካፋውን ጥለህ ሮጥህ። ሲሪንቃን አልፈህ ወልድያ ሆስፒታል አደረስሃት። ማታ ልብሷን ልትወስድ ስትመለስ ቦዩ እንደተከፈተ ነው፤ የፈይሩዝ ውኃ ሁሉ በእናትህ ማሳ አልፎ ገደል ገብቷል። ዘጋኸው። ማንም አላየህም። ፈይሩዝ ለለቅሶ ውርጌሳ ሄዳ ነበር። ተራ የሚያስጠብቀው የውኃ አባቱ ሽፈራው ደግሞ ከብት ያፈረሰውን ግድብ ሲጠግን ላይ ወንዙ ጋ ውሎ ነበር። በማግስቱ ተራው የሌላ ሰው ሆነ። ተራዋ ዞሮ ሳይመለስ ችግኙ ደረቀ።

በደልህ ይኸው ነው። ሚስቱን ምጥ የያዘበት ሰው ቦይ ቢረሳ ማን ይፈርድበታል? ያኔውኑ ብትናገር ፈይሩዝ ትጮህብህ ነበር፤ ከዚያ ለአራሷ ገንፎ ይዛ ትመጣ ነበር። ግን ሽማግሌዎቹ በሰው ፊት ሲጠይቁህ «ዘግቼ ነው የሄድሁት» የሚለው ቃል ቀድሞህ ወጣ። ከአፍህ ከወጣ በኋላ የመመለሻ ጊዜ ነበረህ፤ ግን አፈርህ። ከዚያ «ማል» አሉህ።

እኔም ከሰዉ መካከል ነበርሁ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘህ «ቦዩን ዘግቼ ካልሄድሁ የወለድሁትን አያሳድግልኝ!» ስትል ሰምቻለሁ። ሰዉ «በቃ፣ በቃ» አለ። የልጅህ ዕድሜ ገና ሳምንት አልሞላም ነበር።

በዚያው ምሽት ሰላማዊት የልጁን ዓይን ቢጫ ሆኖ አየችና ጮኸች፤ ሆስፒታል አስተኛችሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእኔ የነገርኸኝ መናኸሪያው ላይ ነው። ቃልህን ስለማልረሳው እደግመዋለሁ። «ጋሼ፣ ‹የወለድሁትን› ነው ያልሁት። ካላቀፍሁት፣ ካልጠራሁት፣ ልጄ ካላልሁት ምናልባት ይስተው ይሆናል» አልህ። «ምኑ ነው የሚስተው?» አልሁህ። «ቁጣው» አልህ። መብረቅ ብቻውን የቆመ ዛፍ ላይ ይወርዳል ብለህ፣ ቤቱ እንዲተርፍ ራስህን በረሃ ላይ ልትተክል ነው የሄድኸው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ቀን የማደርገው ጠፋኝ። ልቆጣህ ፈለግሁ፤ ላቅፍህም ፈለግሁ። ለልጁ ሲል ከልጁ የሚሸሽ አባት አይቼ አላውቅም። አንተ ግን ቀጠልህና «ለማንም አልናገርም ብለው ይማሉልኝ» አልኸኝ።

«ከአንድ መሐላ ለመውጣት ሌላ ታስምለኛለህ?» አልሁህ። ሚኒባሱ ተነሣ። እኔ የማልሁልህ ነገር የለም፤ እሺም አላልሁህም። ግን እስከ ዛሬ አልተናገርሁም፤ ዕረፍት የነሳኝም ይኸው ነው።

አሁን የሆስፒታሉ ነርስ ያለችውን ላስታውስህ፤ እኔም አጠገብህ ቆሜ ሰምቼአታለሁና። በሄድህበት ዕለት ጠዋት መጥታ ልጁን ቢጫነቱን ከሚያክመው ሰማያዊ መብራት ሥር አንሥታ መረመረችውና «ቀንሷል፣ እየተሻለው ነው፤ ይሄ ለብዙ ሕፃናት የሚያጋጥም ነው» አለች። አንተ የሄድኸው ከሰዓት በኋላ ነው። መሻሉ ከመሄድህ ቀድሟል። የቀደመውን በኋላ የመጣው ሊያስከትለው አይችልም። ነርሷን አልሰማሃትም፤ ጆሮህ ላይ የነበረው የራስህ ቃል ብቻ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ደጋግሜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ተነሥቼ በደሴ መንገድ እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ልጁ ባይድንም ኖሮ ይህንኑ እጽፍልህ ነበር። ነርሷን ምስክር ማድረግ ባልችል እንኳ፣ አንተ የገደልኸው አይደለም፣ እግዚአብሔርም የአንተን ቃል ቆጥሮ ሕፃን አልወሰደም እልህ ነበር። ታምነኝ እንደነበር አላውቅም። እኔም ራሴ በምን ድፍረት እንደምለው አላውቅም። ግን እውነት የሚሆነው ነገሩ በደኅና ሲያልቅ ብቻ ከሆነ እውነት አይደለም።

አንተ በሌለህበት እዚህ የሆነውን ስማ።

ሽፈራውን ታውቀዋለህ፤ ቦይ ያስጠርጋል፣ ጠብ ይገላግላል፣ ምላሱ ግን አያርፍም። አንተ ከማልህ በኋላ ሰዉ የሠራው ሒሳብ አጭር ነበር። ደጀን ውኃውን ለቋል፤ ፈይሩዝ ጋ አልደረሰም፤ ስለዚህ መሐል ላይ ያለው ሽፈራው ለሌላ ሰው ሸጦታል። ይህን ሒሳብ ያስጀመርኸው አንተ ነህ። ሽፈራውን በስም አላነሣህም፤ መሐላህ ግን ከሰው ሁሉ ነጥሎ እሱን ብቻ አስቀረው።

ከዚያ ወዲህ ወርቅዬ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት። አንዱ ሲያልፍ «ሽፌ፣ ዛሬ ውኃው በስንት ነው?» አለው።

«ለአንተ ፊት መታጠቢያ በነጻ አለ፤ ሲያዩህ ያስፈልግሃል» አለው። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ሳይንስ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል አላሉም? ታዲያ ይሄኛው የት ገባ? ተነነ?»

«ጥቂቱ ይተናል» አልሁ።

«ያን ያህል?»

«ያን ያህል እንኳ አይደለም።»

«እንግዲያው አንድ የሚያውቅ ሰው አለ» አለና ሻዩን ጨለጠው። ወርቅዬ ወንበር አመጣችልኝ። መቀመጥ አልቻልሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ድጋሚ ተቀመጡ። አንደኛው «አንተም እንደ ደጀን በሩን ይዘህ ማልና ነገሩ ይለቅ» አለው። ሽፈራው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አልምልም» አለ።

«ካልሠራኸው ምን ያስፈራሃል?»

«ያልሠራሁት አያስፈራኝም። የምፈራው እሱን ነው። ለቦይ ውኃ እግዚአብሔርን ከመንበሩ ላስነሣው? ‹ና መስክርልኝ› ልበለው? አልሠራሁም ብያችኋለሁ። በዚህ ካላመናችሁኝ በእሱም ስም አትመኑኝ።»

«ዛሬ ደግሞ ሰባኪ ሆነልን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እስኪበርድ ጊዜ ወሰደ። ከሽማግሌዎቹ ሼህ አቡበከር ናቸው ዝም ያሰኙት። «ተውት፣ ያስብበት፤ እስከሚመጣው ቅዳሜ ጊዜ ስጡት» አሉ። በሚመጣው ቅዳሜ ሽፈራው ወይ ይምላል፣ ወይ ለፈይሩዝ ካሳ ከፍሎ ከውኃ አባትነቱ ይነሣል። የሌባ ስሙ ግን ከፍሎም አይነሣለትም።

አስተውል ደጀን። ከሁለታችሁ የእግዚአብሔርን ስም የጠራው ንጹሕ ተባለ፤ ስሙን መጥራት የፈራው ሌባ ተባለ። እኛ አገር መሐላ እንዲህ ነው የሚነበበው። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ስሰማው ኖሬ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

በዚያው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፈይሩዝ ማሳ ሄድሁ። የመደቧን ዳር በድንጋይ እየደገፈች ነበር።

«መምህር፣ ከቆሙ አይቀር ያቺን ድንጋይ ያቀብሉኝ» አለችኝ። አቀበልኋት። ሌላም ጠየቀችኝ። ስናቀባበል ቆይተን «ማን ይመስልሻል?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ? አንዱ ማለ፤ ንጹሕ ነው አሉኝ። አንዱ አልምልም አለ፤ እሱ ነው አሉኝ። እኔ ከሁለቱም ሽንኩርት አላገኘሁም።» ከዚያ ቀና አለች። «ወላሂ መምህር፣ ልቤ ሽፈራው አይደለም ይለኛል። ድሮ ከሩቅ ነበር የሚቀልድብኝ፤ አሁን ሌባ መባሉ አሳፍሮት ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ግን ደጀንን ልጠራጠር? ባራስ ልጁ ምሎ! አላህን ያን ያህል የማይፈራ ሰው በመንደራችን አለ ብዬ ልመን? እሱንስ ከማመን ሽንኩርቱ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።»

ድንጋዩ እስኪያልቅ አቀብያት ተመለስሁ።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ። እስዋ የምትለውን ዓይነት ሰው አይደለህም። እግዚአብሔርን አትፈራም ማለት አልችልም፤ ፍርሃት አይደል እንዴ አንሥቶ ሚሌ የጣለህ? ታዲያ እንዲህ ከፈራህ ፍርሃትህ ለምን ማንንም አልጠቀመም? ሽፈራውን አላዳነም፤ ፈይሩዝን አልካሰም፤ ሚስትህን ያለ ባል፣ ልጅህን ያለ አባት አስቀረ። ለረጅም ጊዜ ያሰብሁበት ይህ ነው። የደረስሁበትን እነግርሃለሁ፤ የመጨረሻው መልስ ነው ግን አልልም። አንተ የፈራኸው ቅጣቱን ነው። ቅጣቱን አተኩረህ ስታይ እሱን አላየኸውም። እሱን ብታየው አጠገቡ የቆሙትንም ታይ ነበር፤ ባርኔጣውን ይዞ የሚሳቅበትን ሽፈራውን፣ ሰውን ላለመጠራጠር ስትል ኪሣራዋን የምትውጠውን ሴት። ቅጣት የሚፈራ ሰው ይሸሻል፤ የትም ይሸሻል። እግዚአብሔርን የሚፈራ ግን ወዴት ይሸሻል? ሚሌም እሱ አለ። በበረሃው ሙቀት ከመኪና ሥር ተኝተህ ስምህን ሲጠሩህ የምትደነግጠው ለዚህ ይመስለኛል።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ላይ መቆም አቃተኝ። እግሬ አይደለም ያቃተው። ሽፈራው ከእኔ ፊት ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን እያየሁ «አቤቱ ይቅር በለን» ማለት ከበደኝ። ወጥቼ ከአጥሩ ውጭ ዞርሁ። ስመለስ ቅዳሴው አልቆ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ደጅ ላይ አገኙኝ።

«አንድ ሰው ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ስምህን ላለመጥራት ነበር።

«ያ አንድ ሰው ልጁ ተሻለው?» አሉኝ።

«ድኗል» አልሁ።

«እኔም ያን ቀን በሩ ላይ ነበርሁ መምህር። ፊቱን አይቼዋለሁ። ሲምል ላስቆመው ሲገባኝ አላስቆምሁትም፤ ለዚያ እኔ ራሴ የምመልሰው አለብኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ጥላው ወሰዱኝ። «ልትጽፍለት ነው? እንግዲያው ቀላል ነው ብለህ አትጻፍለት። በሐሰት መማል ቀላል አይደለም። ንስሐ አለው፣ ቀኖና አለው፤ ይምጣና እሰጠዋለሁ። ግን እግዚአብሔርን ሕፃን አሳዳጅ አታድርገው በለው። በልጁ ላይ የማለው እሱ ነው። እግዚአብሔር በሕፃኑ ላይ አልማለም።»

ይህችን የመጨረሻዋን እንዳልረሳት እየደጋገምሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

አሁን ስለ ሰላማዊት። በአራስነቷ ቁጣ ያላት አይመስልህ ይሆናል። ልጠይቃት በሄድሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ እስዋ ናት።

«ጋሼ፣ የት እንዳለ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እንደሄደስ?»

«እሱንም አውቃለሁ። ግን ሊነግርሽ የሚገባው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ለምን ይመጡብኛል? የሚያውቁትን የማይናገሩ ከሆነ መምህርነትዎ ለምን ይበጃል?» ብላ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችም።»

«ይማሉ?»

«አልምልም። የለችም።»

«እሺ፣ አመንሁ» አለች። ደጀን፣ ለማመን ይህ በቅቷታል። አንተም ብትነግራት ይበቃታል። ግን ወንድሟ ናሆም ከወልድያ እየተመላለሰ ነው፤ ከክርስትናው ማግስት ልጁንም እስዋንም ይዞ ሊሄድ ቆርጧል። ትናንት እናትህ ፊት «አባት የሌለው ልጅ አጎት አያጣም» አለ። እናትህ አንገቷን ደፋች። ሰላማዊት ግን እንቢም እሺም አላለችውም። እስከ እሑድ የምትጠብቀው ነገር ያላት ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ለማንም አትናገርም።

የልጁ አርባ ቀን የሚሞላው እሑድ ነው። የክርስትና አባት እንድሆነው የጠየቀችኝ ራሷ ናት። እሺ አልሁ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ምን እንዳልሁ ገባኝ። አንተንም በእቅፌ ይዤሃለሁና ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል በእሱ ፈንታ የምናገረው እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ፣ እጄን ዘርግቼ ሰይጣንን ከነሥራው እክደዋለሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በእግዚአብሔር አምናለሁ እላለሁ። ያን ስል በዋዜማው ሽፈራው ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ ከሆነ፣ የምክደው የትኛውን ሥራ ነው? ልጁ የመጀመሪያ ቃሉን ከእኔ አፍ ይዋሳል፤ በሐሰት የጀመረ አፍ ላውሰው አልችልም።

ስለዚህ የወሰንሁትን ሳላስታውቅህ አላደርገውም። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እዚያ እገኛለሁ። አንተ ከመጣህ የምትናገረው አንተ ነህ፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ፤ ሌላ ምንም አልልም። ካልመጣህ ሽፈራውን «ማል» ሳይሉት ተነሥቼ ከአንተ የሰማሁትን እናገራለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። ላስፈራራህ ብፈልግ መሐላህን ብቻ ባስታውስህ ይበቃ ነበር። ሚስጥሬን አወጣ ብለህ ከዚያ በኋላ ጋሼ ላትለኝ ትችላለህ። ይህንንም አስቤበታለሁ። ቢሆንም እናገራለሁ።

እኔ ብናገረው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሽፈራው ከሐሜት ይወጣል፤ አንተ ግን በሌለበት የተጋለጠ ሰው ትሆናለህ። ራስህ ቆመህ «ረስቼ ነው፤ ከዚያ አፍሬ ዋሸሁ፤ ከዚያ ፈርቼ ማልሁ፤ ከዚያ ሸሸሁ» ብትል፣ ምን እንደሚሉህ ላረጋግጥልህ አልችልም። የሚሳደብ ይኖራል። ሽፈራው ለወራት የሚቀልድበት ያገኛል፤ ያንን ቻለው፣ ይገባዋል። ካሳውን ትከፍላለህ፤ ከጎደለህ እኔ አለሁ። ቀኖናህን ትቀበላለህ። ፈይሩዝ ዓይንህን ስታይ የምትሆነውን ግን አላውቅም፤ ከሁሉ የሚከብድህ እሱ ይመስለኛል። እግዚአብሔርን መፍራት ያን ያህል ርቀት ተጉዞ እሷ ፊት መቆም ይሆን? እንደዚያ ይመስለኛል። ከአራሷ ጓዳ ይልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይልቅ፣ እሱ የሚጠብቅህ እዚያ የሽንኩርት መደብ ዳር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጅህ ስም የለውም። ሰላማዊት «ማሙሽ» ትለዋለች፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ይለዋል። እናትህ አንድ ስም አምጥታ «በዚህ እንጥራው» ብትላት፣ «አባቱ በሕይወት እያለ?» ብላ መለሰችላት። የክርስትና ስሙን ካህኑ ያወጡለታል። የቤቱን ስም ግን የምታወጣለት አንተ ነህ። ስም ያወጣ ሰው «የእኔ ነው» ማለቱ እንደሆነ፣ የሸሸኸውም ይህንኑ ቃል እንደሆነ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም ነው የምጠይቅህ።

አብዱልመሊክ ሚሌ አድሮ ሐሙስ ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ለአንተ ቦታ እንዲተው ነግሬዋለሁ። አብረኸው ና። እግርህ ለዚያ ቀን ካልታዘዘልህ ዓርብ የሚነሣ መኪና አይጠፋም፤ መልስህን ግን እስከ ዓርብ አታቆየው። ረጅም ነገር አልጠይቅህም፣ ይቅርታም ለእኔ አትጻፍ። የልጅህን ስም በራስህ እጅ ጽፈህ በአብዱልመሊክ ላክልኝ። ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ፤ ቶሎ መልስልኝ።

የክርስትና አባትህ
ገበየሁ
መርሳ